በካታንጋ መካከል መንገድ የከፈተልን ከበሮ መቺ

በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከሱዳን ጋር የመልስ ጨዋታውን ሲያደርግ፣ በአዲስ አበባ ስታዲየም ለመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ከተመደብነው ነርሶች አንዷ ነበርሁ። ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለ መጣን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃን ነበር፤ ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳችን ውጪ ያገባናቸው ግቦች ያሳልፉን ነበርና። ሕዝቡም ይህን ሒሳብ በቃሉ ይዞ፣ ገና ሌሊት ሳለ በስታዲየሙ ዙሪያ ተሰልፎ ነበር ያደረው።

ለሕክምና ሥራ የመጣ ሰው ስታዲየምን የሚያየው በሌላ ዐይን ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀቡ ፊቶች፣ የማያባራው የቩቩዜላ ጩኸትና ዳፍ ትራክ ከሚባለው የተመልካች ክፍል ተነሥቶ ሚስማር ተራ የሚባለውን አዳርሶ የሚመለሰው ዝማሬ ልብ ያሞቃል፤ እኔም አገሬን እወዳለሁና አብሬ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ከንጋት ጀምሮ የተሰለፈ ሰው ቁርሱን እንዳልበላ፣ ቦታዬን እነጠቃለሁ ብሎ ውኃ ለመግዛት እንኳ እንደማይነሣ፣ የመስከረም ዝናብ ያለፈለት ፀሐይም ጥላ በሌለው መደዳ ላይ ለረጅም ሰዓት እንደሚያርፍበት እናውቅ ስለ ነበር፣ ብዙ ሕመምተኛ እንጠብቅ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ የመጡልን ግን ራሳቸውን ያዞራቸውና በግፊያ እግራቸው የተላጠ ጥቂት ወጣቶች ብቻ ነበሩ።

ከዕረፍት በኋላ አዳነ ግርማ የመጀመሪያውን ግብ ሲያስቆጥር ስታዲየሙ ከሥሩ የተነቀነቀ መሰለን። ብዙም ሳይቆይ አንድ ልጅ ሜዳው ዳር ድረስ እየተጋፋ መጥቶ አባቱ ካታንጋ በሚባለው የተመልካች ክፍል ውስጥ እንደ ወደቁ ነገረን። ሁለት ባልደረቦቼ ቃሬዛ ይዘው ከኋላዬ ተከተሉ፤ ነገር ግን መወጣጫ ደረጃዎቹ ሁሉ መቀመጫ ሆነው ስለ ነበር ከሦስተኛው ደረጃ በላይ ልንወጣ አልቻልንም። አብሮን የነበረው ፖሊስ ደጋግሞ ፊሽካ ነፋ፤ ከጎኑ ያለሁት እኔ እንኳ በቅጡ አልሰማሁትም። ሕዝቡ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዐይኑም ጆሮውም ከሜዳው ውጪ ለሌላ ነገር ቦታ አልነበረውም።

በዚያ መካከል ያየን ከበሮውን በአንገቱ ያንጠለጠለ አስጨፋሪ ነበር። ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ደጋፊውን ሲያዘምር ስለ ዋለ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ ሕዝቡ ያዞረው እርሱ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ቃሬዛውን እንዳየ ምቱን በአንዴ አቋርጦ ሁለት እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ። ከበሮው ሲቆም ዝማሬውም በዚያ ክፍል ቆመ፤ ሰዎች ምን ሆነ ብለው ወደ እርሱ ዞሩ። «ወገን፣ ሰው ታሟል! ግራና ቀኝ ተጠጉ!» ሲል ደረጃው ከታች እስከ ላይ ተከፈተ። «ሲስተር፣ በዚህ ግቢ» አለኝ፤ አለፍን።

አባትየው በላብ ተጠምቀው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የልጃቸውን ስም እንኳ ይስቱ ነበር። «ስኳር አለበት፤ ጠዋት መርፌውን ወግቶ ነው የወጣው» አለኝ ልጁ። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ የደም ስኳራቸው አነሰ ከሚባልበት ልክ፣ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲሊትር፣ እጅግ በታች ወርዷል። መዋጥ እንደሚችሉ ካረጋገጥሁ በኋላ፣ ከፊታችን የነበረ አንድ ደጋፊ ጀምሮ የያዘውን ለስላሳ ሰጠን፤ እርሱን በትንሽ በትንሹ እየተጎነጩ በቃሬዛ አወረድናቸው። ደንቡ 15 ግራም ያህል ስኳር ሰጥቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ነው፤ ያን እየጠበቅን ሳለ ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛውን ግብ አስቆጠረ። ጩኸቱን ሲሰሙ ዐይናቸውን ገልጠው «ማን አገባ?» አሉኝ። ለእኔ ከመለኪያው ቁጥር በፊት የደረሰኝ የመዳን ምልክት ይህ ጥያቄ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በምመደብበት ጨዋታ ሁሉ፣ የብሔራዊ ቡድንም ይሁን የጊዮርጊስና የቡና፣ ተመልካቹ ገብቶ ሳያልቅ በየክፍሉ እየዞርሁ አስጨፋሪዎቹንና ከበሮ መቺዎቹን እተዋወቃለሁ። ቃሬዛው የሚገባበትን በር አሳያቸዋለሁ፤ እኛ ቀይ ጨርቅ ከፍ ስናደርግ ከበሮው እንዲቆም፣ እነርሱም ከመካከላቸው ሰው ሲወድቅ ያንኑ ምልክት እንዲሰጡን እንስማማለን። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ቲኬት ልቆጣጠር የመጣሁ ስለሚመስላቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ ነገሩን ሲረዱ ግን ስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ያለበትን ጓደኛቸውን ራሳቸው እየጠሩ ያስተዋውቁኛል። እነዚህ ሰዎች ከረሜላ በኪሳቸው መያዛቸውንና ቁርስ መብላታቸውን ሳላጣራ አልሄድም።

ለአዘጋጆች ደጋግሜ የማቀርበው ጥያቄ ግን ገና ሙሉ መልስ አላገኘም፤ በየክፍሉ ቢያንስ አንድ መወጣጫ ደረጃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደቂቃ ማንም ሳይቀመጥበት እንዲጠበቅ፣ ጠባቂውም ከፖሊስ ጋር ከደጋፊ ማኅበሩ የተመረጠ ሰው እንዲሆን እጠይቃለሁ።