ምክር የበዛበት አራስ ቤት

ለአራስ ምክር የሚነፍግ ሰው በድሬዳዋ አይገኝም። ልጄን ወልጄ ከሆስፒታል በተመለስኩ ሰሞን ቤታችን ከጠዋት እስከ ማታ ሰው አይለየውም ነበር። ገንፎው ከአንዱ ቤት፣ አጥሚቱ ከሌላው፣ የፍየል ሾርባው ደግሞ ከግቢያችን ማዶ ካሉት የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ይመጣል፤ ከእያንዳንዱ ሳህን ጋርም አንድ ምክር ተከትሎ ይገባል። አንዷ አብሽ ጠጪ ትለኛለች፤ ሌላዋ ከፀሐይ ገብተሽ ወዲያው እንዳታጠቢ ብላ ታስጠነቅቀኛለች፤ ሦስተኛዋ ልጁ ሲያለቅስ ሰምታ ወተትሽ አልበቃውም፣ የቆርቆሮ ወተት ይገዛለት ብላ ትፈርዳለች። ሁሉም ለእኔ አዝነው የተናገሩት ነው። እኔ ግን በዚያው ሰሞን የጡቴ ጫፍ ተሰንጥቆ፣ ልጁን ባስጠጋሁት ቁጥር ጥርሴን ነክሼ ነበር የማጠባው፤ ከዚያ ሁሉ ጠያቂ መካከልም «እስቲ ስታጠቢ ልይሽ» ያለኝ ሰው አልነበረም።

እንዲህ የሚሆነው ጡት ማጥባት ሴት ሁሉ ሳትማር የምታውቀው ነገር ተደርጎ ስለሚቆጠር ይመስለኛል። የመጀመሪያዋ ልጄ ያለ አንዳች ችግር ጠብታ ስላደገች ቤተሰቡ ሁሉ «አንቺማ ታውቂበታለሽ» ብሎ ትቶኝ ነበር። ሕፃን ከሕፃን ግን ይለያል፤ ጡትም ከወሊድ ወሊድ ይለያል። ደግሞም የሚያማት ሴት ሕመሟን ከተናገረች ልጇን ያልወደደች እንዳይመስልባት ትሰጋለች፤ ስለዚህ ዝም ትላለች፣ ከዚያም በጸጥታ ጡጦ ትገዛለች።

የእኔን ችግር የፈታችልኝ የቀበሌያችን የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ለክትባት ቀጠሮ ልታስታውሰኝ መጥታ ፊቴን ስታየው ነገሩ ገባት። ጫማዋን አውልቃ ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና «እህቴ፣ እስቲ አጥቢው፤ እኔ ምንም ሳልናገር ልይ» አለችኝ። ልጁ ጠብቶ በራሱ ጊዜ እስኪለቅ ድረስ በእውነት አንድ ቃል አልተናገረችም። በሁለተኛው ጡት ላይ ግን እጇን አስገባች። የልጁን ሆድ ከሆዴ ጋር አገጣጠመችው፣ አንገቱ እንዳይጠመዘዝ ትከሻውን ደገፈችው፣ ከዚያም የጡቴን ጫፍ ከላይኛው ከንፈሩ ጋር እያነካካሁ አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው እስኪከፍት እንድጠብቅ አደረገችኝ። ሲከፍት ጎንበስ ብዬ ጡቴን ልሰጠው ስል ከለከለችኝና ልጁን ራሱን ወደ እኔ ሳብ አደረገችው። አገጩ ጡቴን ነካ፤ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለው ጠቆር ያለው ክፍል ከአፉ በላይ በኩል ብዙ፣ ከታች በኩል ጥቂት ብቻ ይታያል። ጉንጩ መሰርጎዱን ትቶ ሞላ አለ፤ ቶሎ ቶሎ መምጠጡም ቀርቶ ረጋ ብሎ እየሳበ ሲውጥ ድምፁ ይሰማ ጀመር። ሕመሙ እዚያው ቀነሰ። የጡት ጫፍ የሚቆስለው አብዛኛውን ጊዜ ልጁ ጫፉን ብቻ ሲጎርስ እንደሆነ፣ ላስለቅቀው ብፈልግም ከመጎተት ይልቅ ትንሿን ጣቴን በአፉ ጥግ አስገብቼ መሳቡን ማቋረጥ እንዳለብኝ ነግራኝ ወጣች። ይህን ሁሉ ስለ ጡት ማጥባት በተጻፈ ወረቀት ላይ አንብቤው አውቃለሁ፤ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ እስኪያሳየኝ ድረስ ግን ከወረቀቱ ወደ እጄ አልመጣም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር የውኃ ክርክር ነው። አማቴ የሐረር ሰው ናቸው። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነፋሻማ አየር ስታገኝ፣ ድሬዳዋ ግን ወደ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናትና በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ የቤቱ ግድግዳ ራሱ ትኩሳት ያለበት ይመስላል። እሳቸውም «እኛ በዚያ ብርድ እንኳ በማንኪያ ውኃ እየሰጠን አሳድገናል፤ በዚህ እሳት ውስጥ ልጁን በውኃ ጥም ልትገድሉት ነው?» አሉ። ጥያቄያቸው ቀልድ አይደለም፤ ለሙቀት አገር ሰው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ባለሙያዋ ስትመጣ ደጅ ላይ ጠብቀው ለእሷም ይህንኑ ጠየቋት።

«እማማ፣ የእናት ጡት ወተት ከመቶ 88 እጁ ውኃ ነው» አለቻቸው። ሙቀት ሲበረታ ልጁ ቶሎ ቶሎ እየጠባ ጥሙን እንደሚቆርጥ፣ መጀመሪያ የሚወርደው ቀጠን ያለው ወተትም ለዚሁ እንደሚያገለግል አስረዳቻቸው። ውኃ ቢሰጠው ትንሿ ሆዱ በማይገነባው ነገር ትሞላለች፤ ሆዱ ሲሞላ ጡት መጥባቱን ይቀንሳል፤ መጥባቱ ሲቀንስ ደግሞ ጡት የሚሠራው በሚጠባው ልክ ነውና ወተቱ ይቀንሳል። ውኃው ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያመጣል። ስድስት ወር እስኪሞላው ድረስ በሐኪም ከታዘዘ መድኃኒት በቀር ከጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ውኃው የሚያስፈልገው ለእናትየው ነው። አማቴ ሰሙ፣ አላመኑም። ያሳመናቸው ሌላ ነገር ነው፤ ባለሙያዋ ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቂ ወተት የሚያገኝ ልጅ በቀንና በሌሊት ቢያንስ ስድስት ጊዜ እንደሚሸና፣ ሽንቱም ነጣ ያለ እንደሚሆን ጣል አድርጋባቸው ነበር። ከዚያች ዕለት ጀምሮ የሽንት ጨርቅ ቆጠራው የእሳቸው ሥራ ሆነ። ማታ ማታ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ጨርቅ በጣታቸው እየነኩ ሲቆጥሩ አያቸው ነበር፤ ቁጥሩ ከስድስት በታች ሳይወርድ ሲቀር የውኃው ነገር ሳይነሣ ቀረ። እንዲያውም ለሚጠይቁኝ ሴቶች ሁሉ ዋና አስረጂ ሆነው ቁጭ አሉ።

ስለ እንገር ብዙ አልጽፍም፤ በወለድኩበት ክፍል አዋላጇ ልጁን በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ደረቴ ላይ ስላስቀመጠችልኝ ያ ወፍራም ቢጫ ወተት ሳይባክን ቀርቷል። ቅቤ ማስላስም በሰፈራችን እየቀረ ነው። ያልቀረው፣ ወተት በሦስተኛው ቀን ግድም በብዛት እስኪወርድ ድረስ ባለው ጊዜ የሚፈጠረው ድንጋጤ ነው፤ አብዛኛው የቆርቆሮ ወተት የሚገዛው በእነዚያ ቀናት ይመስለኛል። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ጥቂት መቀነሱ የታወቀ ነገር መሆኑን የሚነግራት የሌላት እናት ልጄ ከሳብኝ ብላ ብትደነግጥ አይፈረድባትም። በሕክምና ምክንያት የቆርቆሮ ወተት ግድ የሚሆንባት እናትም አለችና እሷን በነገር መውጋት ነውር ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪ ምርቶችን ግብይት የሚቆጣጠር ደንብ ያጸደቀው፣ በእንዲህ ያለው የድንጋጤ ሰዓት ማስታወቂያ ምን ያህል እንደሚሠራ ታይቶ ነው።

አሁን በሰፈራችን ቅዳሜ ቅዳሜ በቡና ሰዓት የምንገናኝ የሚያጠቡና ያጠቡ ሴቶች አለን። ስብሰባ ብለን አንጠራውም፤ ጤና ጣቢያውም ለነፍሰ ጡር እናቶች የራሱ የምክክር ቀን አለው። እኛን ወደዚህ ያመጣን ግን አንድ ቀላል ነገር ነው። ክርስቲያኗ አራስ ወንድ ከወለደች እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከወለደች እስከ 80 ቀን ክርስትና እስኪነሣ ድረስ እንደልቧ ከቤት አትወጣም፤ ሙስሊሟም 40 ቀኗን ትጠብቃለች። ጡት የሚቆስለው፣ የሚያግተው፣ የሚያብጠው ደግሞ በእነዚሁ ቀናት ነው። እናቲቱ ወደ እርዳታው መሄድ በማትችልበት ሰዓት እርዳታው ወደ እሷ መሄድ አለበት፤ ወደ አራስ ቤት መሄድን ደግሞ እድሩም፣ አፎቻ የሚባለው የሐረሪ ሴቶች መረዳጃ ማኅበርም፣ ተራው ጎረቤትም ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። የጎደለው ከገንፎው ጋር አጎራረስ ማየት የምትችል አንዲት ሴት ማስከተል ብቻ ነበር። አሁን አንዲት ሴት በወለደች በሦስት ቀን ውስጥ ከመካከላችን አንዷ ትሄዳለች፤ መጀመሪያ ትቀመጣለች፣ ታያለች፣ ከዚያ ትናገራለች። ጡቷ ትኩሳት ካለውና ከቀላ፣ ወይም ልጁ መጥባት እምቢ ካለ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት ትሄዳለች እንጂ እኛ ሐኪም አንሆንም።

ከቡናው ላይ ብዙ ተምሬያለሁ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ቁርኣን በሱረቱል በቀራ ለሚያጠቡ እናቶች ሁለት ሙሉ ዓመት መጥቀሱን ስታነሣ፣ የጤና ባለሙያዎቹም ከስድስት ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠ ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል ማለታቸው ለሁላችንም እንግዳ ሳይሆን ቀረ። ከሁሉም በላይ ጠንቃቃ ሆና ያገኘኋት ደግሞ በጤና ተቋም ውስጥ ከኤች አይ ቪ ቫይረስ ጋር በሚኖሩ እናቶች የመረዳጃ ቡድን ያለፈች አንዲት ሴት ናት። መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች በመጀመሪያው ስድስት ወር ጡት ብቻ መስጠት፣ ጡትና ሌላ ምግብ ከመቀላቀል ይልቅ ልጇን ከቫይረሱ እንደሚጠብቀው ተምራለችና «አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋል» የሚለውን ቃል ከማንም አትቀበልም። እኛ ቸል የምንለውን ነገር እሷ የምትይዘው በጥብቅ ነው።

ወደ ሥራ ስመለስ የገጠመኝ ሌላ ፈተና ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ልጁ ግን ጡት ብቻ ሊጠባ የሚገባው ለስድስት ወር ነው። የቀረውን ሦስት ወር እናትየዋ እንደ ፍጥርጥሯ ትሙላው እንደማለት ነው። እኔ የምሠራበት ቦታ የማጥቢያ ክፍል የለውም፤ ስለዚህ የፋይል ማከማቻው ውስጥ በሩን ቆልፌ በእጄ እያለብኩ፣ ክዳን ባለው የብረት ኩባያ አጠራቅም ነበር። የታለበ ወተት የሚቆየው እስከ 25 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ለአራት ሰዓት ነው፤ የድሬዳዋ ቀትር ደግሞ ለዚህ አይመችም። መብራት የማይጠፋበት ማቀዝቀዣ ካለ እስከ አራት ቀን፣ በረዶ በተሞላ የታሸገ ሳጥን ውስጥ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። እኔ የኋለኛውን መረጥኩ፤ ጠዋት በረዶ ይዤ እሄዳለሁ፣ ማታ ወተት ይዤ በባጃጅ እመለሳለሁ። አማቴ በማግስቱ በቡና ስኒ እያጋደሉ ያጠጡታል፤ ጡጦን አጥቦ ማጥራት አስቸጋሪ ስለሆነና ስኒ ግን በቀላሉ ስለሚጸዳ ባለሙያዋም ያለችው ይህንኑ ነው። ሌሊት ሌሊት ግን ልጁ ሲነቃ እኔው አጠባዋለሁ፤ ወተት የሚያሠራው ሆርሞን በሌሊት ከፍ ስለሚል የቀኑን ጉድለት የሚያካክሰው የሌሊቱ ጥቢ ነው። እንቅልፍ ግን የለም፤ ይህን የሚያሳምር ቃል አላገኘሁለትም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ሐሳቡ መልካም ነው። በከተማችን የከፊራ ገበያ የምትነግድ ሴት ግን በየትኛውም አዋጅ ውስጥ የለችም። ከእኛ ጋር ቡና የምትጠጣ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ልጇን እንደ እኔ ቤት ትታ አትሄድም፤ ጀርባዋ ላይ አዝላው ትውላለች፣ ሲርበው እዚያው ታጠባዋለች። ችግሯ ጥላና መቀመጫ ነው፤ ደንበኛ ፊት ቆማ ስታጠባ ልጁ ጠብቶ ሳይጨርስ ይቋረጣል፣ ጡቷ ያግታል፣ ማታ ያማታል። እድራችን ድንኳንና ወንበር አለው፤ ለለቅሶ ካልተፈለገ ጥቂት ወንበርና አንድ ሸራ ለገበያው ጥግ ማዋስ ይቻል እንደሆነ ዳኛውን ጠይቀናቸዋል። «ወንበሩን ማን ይጠብቃል?» ብለው ነው የመለሱልን፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። የመጪው ቅዳሜ ቡና እኔ ቤት ስለሆነ ከገበያው ሴቶች መካከል ወንበሩን በኃላፊነት የምትረከብ ሰው ይዘን ለመቅረብ እንነጋገራለን።