ከደሞዜ ላይ በትርፍ የተቆረጠውን ግብር እንዴት እንዳስመለስኩ

ለዓመታት የደሞዝ ወረቀቴን የማነበው ከታች ጀምሬ ነበር። የተጣራው ስንት ነው? በቃ። የተቆረጠ ነገር ይመለሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የነቃሁት በዓመቱ አጋማሽ ሥራ ስቀይር ነው። ደሞዜ ጨምሯል፤ እጄ የገባው ግን ከበፊቱ ያነሰ ሆነ። ሒሳብ ክፍል ሄጄ ጠየቅኩ። «የታክስ ክሬዲትዎ እኮ አሁንም የተመዘገበው በቀድሞው ቀጣሪዎ ስር ነው» አሉኝ። ክሬዲት ሲባል ለእኔ የመጣልኝ ብድር ነበር!

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ግብሩ ይሰላል፤ ክሬዲቱ የሚነሳው ከተሰላው ግብር ላይ ነው። ግብሬ 3000፣ ክሬዲቴ 1000 ከሆነ የምከፍለው 2000 ነው። እኔ ይህን ከተቀናሽ ጋር አምታትቼው ኖሬአለሁ። ተቀናሽ ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ ይነሳል። ስለዚህ በ20 በመቶ ተመን ለሚከፍል ሰው የ1000 ተቀናሽ የሚያተርፍለት 200 ብቻ ነው። ይህ እስኪገባኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አንድ ምሽት ሙሉ ተቀምጫለሁ፤ አላፍርበትም። ለካስ አዲሱ ቀጣሪዬ ክሬዲቱን ሳያነሳልኝ ነበር ግብሩን የሚቆርጠው።

ከዚያ የዓመቱን የደሞዝ ወረቀቶች ሰበሰብኩ። ከቀድሞው ቦታ ሁለቱ ጠፍተዋል። እነሱን ለማግኘት መመላለሱ ከማመልከቻው በላይ አደከመኝ። አሁን በየወሩ ፎቶ አንስቼ አስቀምጣለሁ። የሁለቱንም ቦታ ገቢ ደመርኩ፤ መክፈል የነበረብኝን ግብር አስልቼ ከተቆረጠው ጋር አስተያየሁት። የተቆረጠው ብልጫ ነበረው። አመለከትኩና ተመለሰልኝ።

ጓደኞቼ «ጋብዘን እንጂ!» አሉኝ። ምኑን ልጋብዝ? ለወራት ያለ ወለድ ያበደርኩት የራሴው ገንዘብ ነው። ግብሩ በየወሩ በትክክል ቢቆረጥልኝ እመርጥ ነበር።

የተረፈ ክሬዲት በሙሉ ኪሴ ይገባል ብዬም ጠብቄ ነበር። አንዳንዱ ዓይነት ይመለሳል፤ ሌላው ግን ግብሩን ዜሮ ካደረሰ በኋላ ያበቃል።

ሁለት ቦታ የሚሠራ ባልደረባዬ ደግሞ የኔን ታሪክ ሰምቶ እሱም ተመላሽ ጠብቆ አመለከተ። ለካስ አንዱን ክሬዲት ሁለቱም ቀጣሪዎች ሙሉ በሙሉ ሲያነሱለት ከርመዋል። ሒሳቡ ሲደመር የመጣለት ዕዳ ሆነ። እስከ ዛሬ በየወሩ እየከፈለ ነው፤ እኔንም «አንተ ነህ የቀሰቀስከው» ይለኛል።