አክስቴ ታርቃለች፣ ክሱ ግን አልቆመም

አክስቴ ለአንድ ደላላ 180 ሺህ ብር አስረከበች። ኮንዶሚኒየም አወጣልሻለሁ ብሏት ነው። በኋላ እንደ እሷ የተበሉ ብዙ ሰዎች መኖራቸው ታወቀ፤ ሰውየውም ተያዘ።

አንድ ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቷ መጡ። ቡና ተፈላ። ብሩ ሳይጎድል ተቆጠረላት፣ እሷም "ክሴን አንስቻለሁ" የሚል ወረቀት ላይ ፈረመች። ሰኞ ወረቀቱን ይዘን ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መርማሪው አነበበና ፈገግ አለ።

"እናቴ፣ ክሱ እኮ የእርስዎ አይደለም።"

"ታዲያ የማን ነው? ብሩ የኔ!"

መርማሪው እውነቱን ነበር። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንደ ስድብ ያሉት ወንጀሎች የግል አቤቱታ ይፈልጋሉ፤ ተበዳዩ ከታረቀ ነገሩ ያልቃል። አንቀጽ 692 ላይ ያለው አታላይነት ግን እንደዚያ አይደለም። ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው። ብሩን መመለሱ ከንቱ አይቀርም፤ ጥፋተኛ ቢባል በአንቀጽ 82 መሠረት ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል።

እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ አክስቴ ግን እስካሁን አኩርፋኛለች። ሽማግሌ የሚላከው ለማን ነው? ጎረቤት ለሚያውቃት፣ ዘመድ ላላት። ከክፍለ ሀገር መጥታ ጥሪቷን ለዚሁ ደላላ የሰጠችው ልጅ ቤት ማን ቡና ሊጠጣ ይሄዳል? ደግሞ ለአክስቴ የተቆጠረው ብር ከማን ኪስ እንደወጣ ማንም አልጠየቀም። (እኔም ያን ቀን አልጠየቅሁም፤ ቆሎ እየበላሁ ነበር።)

አሁን የምስክርነት መጥሪያ ደርሷታል። ሽማግሌዎቹ በየቀኑ ይደውላሉ። ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ።