የዊልደቢስት ጉዞ በእኛ ወራት

ሐምሌ ላይ ፒያሳ ጃንጥላ በጃንጥላ ሲሆን፣ ሰሜን ታንዛኒያ ያለው የሴሬንጌቲ ሜዳ ደርቆ አቧራው ይቦናል። የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ እኛ ጋ ክረምት ይገባል፣ እዚያ በጋ ይሆናል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ዊልደቢስት (ከብት የሚመስል፣ ቀንዳም የዱር እንስሳ) ዓመቱን ሙሉ የሚዞረው ዝናቡ የሚያበቅለውን ሣር እያሳደደ ነው። ስለዚህ «የማራን ወንዝ የሚሻገሩት በስንት ቀን ነው?» ለሚል ጥያቄ ቁርጥ ያለ ቀን የሚሰጥ አስጎብኚ ካለ ጠርጥሩት።

ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መንጋው በደቡብ ሴሬንጌቲ፣ በንዱቱ ዙሪያ ይሰፍራል። ሣሩ አጭር ቢሆንም ከንጎሮንጎሮ ተራሮች በወረደ የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የበቀለ ስለሆነ፣ ለምታጠባ እናት የሚያስፈልገው ካልሲየምና ፎስፎረስ አለው። አብዛኞቹ ከጥር አጋማሽ በኋላ እስከ የካቲት አጋማሽ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ተግተልትለው ይወልዳሉ። ጅብና አንበሳ ጠግበው እስኪተዉ ቢበሉ እንኳ ሁሉን አይጨርሱትም፤ ወሊዱ አንድ ላይ የመሆኑ ጥቅም ይኸው ነው።

ጥጃው ፈዛዛ ቡናማ ነው። ሁለት ሦስቴ በጉልበቱ ተደፍቶ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆምና ከእናቱ ኋላ ይሮጣል። ችግሩ ከእናቱ ከተነጠለ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ መከተሉ ነው፤ መኪናም ይሁን፣ ጅብም ይሁን። ሹፌሩ መንጋ መሀል ሰንጥቆ ሲገባ ዝም አትበሉት።

ግንቦት ላይ የደቡቡ ሜዳ ይደርቃል፣ የቀረው ኩሬም ጨው ይሆናል። ያኔ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ጉዞ ይጀመራል፤ ኮርማዎቹ የሚፋለሙትና ላሞቹ የሚጠቁትም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የሜዳ አህያ ቀድሞ ረጅሙንና ጠንካራውን አገዳ ይግጣል፣ ዊልደቢስት ቅጠሉን ያገኛል፣ ከኋላ የምትመጣው የቶምሰን ሚዳቋ አዲሱን ቡቃያ ትለቅማለች።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ማራ ወንዝ አካባቢ ናቸው። በቪክቶሪያ ሐይቅ ምክንያት ሰሜኑ በበጋም ዝናብ አያጣም። ዳር ላይ ተሰብስበው ለሰዓታት ይቆማሉ፣ አንዱ ሲዘል ሌላው ይከተላል፤ ማዶ ዝናብ ካነሰ ደግሞ ተመልሰው ይሻገራሉ። ብዙ የሚሞትበት ምክንያት አዞ ሳይሆን የሞላ ውሃ፣ ገደል የሆነ መውጫና መረጋገጥ ነው። መውጫው ላይ መኪና ከተደረደረ መንጋው ወደ ባሰው ገደል ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት በዓመት በአማካይ 6,200 ያህል እንደሚሰምጡ ያሳያል፤ ይህም ከመንጋው 1 በመቶ አይሞላም።

በእርግጥ የፈጃቸው ሌላ ነው። በምፅዋ በኩል ገብቶ ከብታችንን ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣብን የደስታ በሽታ፣ ወደ ደቡብ ወርዶ እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ ሴሬንጌቲንም መታ። በዙሪያው ያሉ ከብቶች ሲከተቡ በሽታው ከዱር እንስሳቱም ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1961 ከ300 ሺህ በታች የነበሩት ዊልደቢስቶች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ1 ሚሊዮን አለፉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድ ሰው ከነሐሴ የካቲትን እመርጣለሁ፤ መንጋው ገላጣ ሜዳ ላይ ረግቶ ስለሚቆይ በዕድል አያስጠብቅም። ልጆች ትምህርት የሚዘጉት ክረምት ላይ ነው የሚል ቤተሰብ ግን ሰሜን ሴሬንጌቲ ቢያንስ ሦስት አዳር ይያዝ። ከአዲስ አበባ ኪሊማንጃሮ ቀጥታ በረራ አለ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ካርድ ይጠየቃል፤ ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ክትባቱን ለመሄጃው ሳምንት አታቆዩት።