የቅጂ መብት ኃላፊውን ማን ይሹም?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተማሪዎቼ ያዘጋጀሁት የሰዋስው ማጠናከሪያ ጥራዝ፣ እዚሁ ሐዋሳ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሜ ከሽፋኑ ተቆርጦ በግማሽ ዋጋ ሲሸጥ አገኘሁት። ሻጩን ብጠይቀው «መምህር፣ እኛ የምናስከፍለው እኮ የወረቀቱን ብቻ ነው» አለኝ። መልሱ ቢያስቀኝም ሕጉን እንዳነብ አደረገኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንድ ሥራ ገና ሲፈጠር ያለ ምዝገባ ጥበቃ እንደሚያገኝ ይደነግጋል፤ ጥበቃውም በመርህ ደረጃ እስከ ደራሲው ዕድሜ ፍጻሜና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት ይዘልቃል። ሕጉን የማስፈጸም ኃላፊነት የተጣለበት መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 320/1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ የዛሬው ባለሥልጣን ሲሆን፣ በመንግሥት በሚሾም ዋና ዳይሬክተር ይመራል።

ይህን ሳነብ የሌሎች አገሮች አሠራር አጓጓኝና የአሜሪካን መረመርሁ። እዚያ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ የሚሾመው በፕሬዚዳንቱ ሳይሆን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ በሴኔቱ ይሁንታ የሚሾመው ይህንኑ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነው። የአደረጃጀቱ መነሻ የመጻሕፍት ክምችት ነው። እ.ኤ.አ. በ1870 የወጣው ሕግ የቅጂ መብት ምዝገባንና ለምዝገባ የሚቀርቡትን ቅጂዎች በአንድ ላይ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሲያዛውር፣ መብት ፈላጊው ሁሉ መጽሐፉን ይዞ ስለሚመጣ ቤተ መጻሕፍቱ ያለ ወጪ ይሞላ ጀመር። በ1897 ምዝገባው ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ ቶርቫልድ ሶልበርግ የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑና እስከ 1930 ድረስ ቆዩ። (በእኛ አገር ቅጂ የሚያስቀምጠው ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ መብት የሚመዘግበው ደግሞ ሌላ ተቋም ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ጋብቻ አልተፈጸመም።)

ጋብቻው ጠብ የወለደው በእኛ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ካርላ ሄይደን የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሆነው ገና ሁለት ወር ሳይሞላቸው የቅጂ መብት ኃላፊዋን ማሪያ ፓላንቴን ከቦታቸው አንስተው ወደ ሌላ የሥራ መደብ አዛወሯቸው፤ ፓላንቴም ሥራቸውን ለቀቁ። በቀጣዩ ዓመት የተወካዮች ምክር ቤቱ በ378 ድምፅ ለ48 አንድ ረቂቅ ሕግ አጸደቀ፤ ሐሳቡም ኃላፊው በሴኔት ይሁንታ በፕሬዚዳንቱ ተሹሞ ለ10 ዓመት እንዲያገለግል ነበር። ደጋፊዎቹ ሹመቱ ለፈጣሪዎች ክብር ይሰጣል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ኃላፊው ከቤተ መጻሕፍቱ ተላቅቆ ወደ ፖለቲካና ወደ ትልልቅ ኩባንያዎች ይጠጋል ብለው ፈሩ። ሴኔቱ ሳያጸድቀው ቀረ።

ፍርሃቱ መሠረት እንደነበረው ያየሁት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 ነው። በዚያ ወር ፕሬዚዳንቱ መጀመሪያ ሄይደንን፣ ቀጥሎም በ2020 የቅጂ መብት ኃላፊ ሆነው የተሾሙትን ሺራ ፐርልሙተርን ከሥራ አሰናበቱ፤ የፐርልሙተር ስንብት የሆነው የቅጂ መብት መሥሪያ ቤታቸው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በደራሲያን ሥራዎች ስለሚሠለጥንበት መንገድ የዘገባ ረቂቅ ባወጣ ማግስት ነበር። ፐርልሙተር የሚሾማቸውም የሚያነሳቸውም የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ብቻ ነው ብለው ከሰሱ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በመስከረም ወር በሁለት ዳኞች ድምፅ ለአንድ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ በሥራቸው እንዲቆዩ ወሰነ።

እኔ ከሁሉ በላይ የገረመኝ በአሜሪካው ሕግ ውስጥ ያለችው «ይሾማል» የምትለዋ ቃል ናት፤ ማን እንደሚሾም በግልጽ ጽፎ ማን እንደሚያነሳ ዝም ያለ ሕግ፣ ጠብ ሲነሳ ዝምታው ራሱ መከራከሪያ ይሆናል። ስለዚህ የእኛ ሕግ የሚሻሻልበት ቀን ቢመጣ፣ ከሿሚው ማንነት ይልቅ የኃላፊው የሥራ ዘመን ስንት ዓመት እንደሆነና በምን ምክንያት እንደሚነሳ ተጽፎ ባየው ደስ ይለኛል። ደራሲም አሳታሚም የማይወዱትን አስተያየት የሚሰጥ ሰው፣ ወንበሩ በአንድ ደብዳቤ እንደማይወሰድበት ማወቅ አለበት፤ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ጉዳይ ግን ያ ሁሉ ሳይጠበቅ፣ ጥራዙን ይዤ ልከሰው ተነስቻለሁ።