መቶ ፐርሰንት

«መብራት በዝቶበት የሞተ ተክል አይቼ አላውቅም።»

ይህን ያሉኝ ጋሼ ናቸው። ቦሌ ካለው ቤታቸው ሳሎን፣ አዲሱን መብራት ገጥሜ ከወንበሩ ላይ ሳልወርድ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፤ ትዝ ሲለኝ ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

የዓሣ ገንዳው ያምራል። ርዝመቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ ነው፣ ከ300 ሊትር በላይ ይይዛል። ከፊት ክሪፕቶኮሪን፣ እንጨቱ ላይ አኑቢያስና ጃቫ ፈርን፣ ከኋላ ቫሊስኔሪያ። ሁሉም በትንሽ ብርሃን የሚረኩ፣ የማይቸኩሉ ተክሎች ናቸው። ክዳኑ ላይ የነበሩት ሁለት ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንቶች ጫፋቸው ጠቁሮ ነበር። ፍሎረሰንት ዓይን ሳያውቀው ነው የሚደክመው። ለእኛ በርቷል፣ ተክሉ ግን ከተራበ ቆይቷል። ስለዚህ መቀየሩ ልክ ነበር።

ከዱባይ የመጣላቸው 120 ዋት ኤልኢዲ ነው። በዋት ሲሰላ ከድሮው ሁለት እጥፍ አይሞላም። ግን ኤልኢዲ ከያንዳንዱ ዋት የሚያወጣው ብርሃን ይበልጣል፤ ያም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ፍሎረሰንት ዙሪያውን ስለሚያበራ ብዙው ክዳኑ ላይ ይቀር ነበር። ዲመሩን፣ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን፣ 40 ፐርሰንት ላይ አደረግሁት፤ ታይመሩን በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ እንዲያበራ ሞላሁት። ጋሼን ቅር አላቸው።

«መቶ ድረስ እያለው ለምን አርባ?»

«ጋሼ፣ ብርሃን ሲጨምር ተክሉ ይርበዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ማዳበሪያ አብሮ ካልጨመረ ይጎዳል። እርስዎ ጋ ሁለቱም የሉም። ተክሉ ያልተጠቀመበትን ብርሃን አልጌ፣ ያ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር፣ ይቀማዋል።»

«አንተ ልጅ፣ ፀሐይን ማን ቀነሳት?» አሉኝና ያችን ዓረፍተ ነገር አስከተሉ።

መከራከር ነበረብኝ። ግን ትልቅ ሰው ናቸው፣ ገናም ደርሷል፣ እንግዳ ይጠብቃሉ። «ሁለት ሳምንት ይታገሱኝ» ብዬ ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ደወሉ። «ናና እይ! ተክሎቹ መተንፈስ ጀመሩ!» ሄድኩ። ዲመሩ መቶ ላይ ነው። ታይመሩ ተነቅሎ መብራቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይበራል፤ 14 ሰዓት ሙሉ። ቫሊስኔሪያው ቅጠል ላይ የኦክስጅን አረፋ እንደ ዶቃ ተደርድሯል። አንዷ ታብጣለች፣ ትላቀቅና ሽቅብ ትወጣለች፣ በቦታዋ ሌላ ትተካለች። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ሸፈተ። በዓሣ ገንዳ ሥራ ያን ያህል ዓመት ቆይቼ ቆሜ አየሁ እንጂ ዲመሩን አልመለስኩትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ በማንም አላሳብብም።

በሁለተኛው ሳምንት መስታወቱ አረንጓዴ አቧራ ያዘ። ከዚያ አኑቢያሱ ላይ ፀጉር የመሰለ አልጌ፣ መጻሕፍት ዋቅላሚ የሚሉት፣ ተንጠለጠለ። ክሪፕቶኮሪኑ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሸሸ። ጋሼ እኔን አልጠሩም፤ ሌላ ባለሙያ ጠሩ። እሱም መድኃኒት ሸጠላቸው። አልጌው በአንድ ጊዜ ሞቶ ውሃው ውስጥ በሰበሰ። የሚበሰብስ ነገር ኦክስጅን ይበላል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃችን ሲጀመርም የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው። በነጋታው ዓሦቹ ሁሉ አፋቸውን ውሃው ፊት ላይ አድርገው ሲያለከልኩ ተገኙ። ያኔ ስልኬ ጠራ። መብራቱን ዝቅ ሳያደርጉ መድኃኒት መጨመር ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደ መወልወል ነው። ያ ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስለኝም።

ውሃውን በከፊል ቀይሬ፣ የአየር ፓምፕ አስገብቼ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያንን ፀጉር እየጠቀለልኩ ሳወጣ የግቢው ጥበቃ ባልዲ ሊያቀብሉኝ ገቡ። በዕድሜ ከጋሼም ይበልጣሉ፣ አገራቸው ጅማ ነው። ገንዳውን አዩ፣ መብራቱን አዩ።

«ከምን አውጥታችሁ ነው እዚህ ያገባችሁት?»

«ድሮ መብራቱ ደካማ ነበር» አልኳቸው።

«እህ። የቡና ችግኝ እኮ ከዳስ ሲወጣ ጥላው በአንዴ አይነሳም። ሣሩን ቀስ በቀስ ያሳሱለታል። ድንገት ከገለጡት ቅጠሉ ያራል።»

ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ እሰማህ ነበር» አሉ።

ያመመኝ ይህ ነው። እኔ ያልኩት ሌላ ነገር አልነበረም። ብሩሹን ይዤ ቀረሁ፤ ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አሰብኩት። እኔ ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አወራኋቸው፤ ጥበቃው በዓይናቸው ያዩትን ነገር ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህ አዲስ ደንበኛ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ግቢ ውስጥ ምን ተክለው እንደሚያውቁ ነው። አንዳንዱ ምንም አልተከለም። ለእሱ አሁንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እላለሁ።

ጥገናው ጊዜ ወሰደ። 40 ፐርሰንት፣ ስድስት ሰዓት፣ በሳምንት ሁለቴ ሲሶውን ውሃ መቀየር። ቶሎ የሚያድግ ሆርንዎርት ጨመርኩ፤ አልጌው የሚፈልገውን ምግብ ቀድሞ እንዲወስድበት። ታይመሩንም ባትሪ ባለው ቀየርኩት። የድሮው ታይመር ኤሌክትሪክ በጠፋ ቁጥር አብሮ ይቆምና ወደ ኋላ ይቀራል። ከረዥም መጥፋት በኋላ አንድ ቀን እኩለ ሌሊት ላይ መብራቱ ቦግ ብሎ ቤተሰቡን ቀስቅሷል። ብርሃኑን በየሳምንቱ አምስት ፐርሰንት ብቻ ከፍ አደረግን። ጋሼ አንድም ቀን ዲመሩን አልነኩም።

በሰባተኛው ሳምንት ክሪፕቶኮሪኑ ከሥሩ አዲስ ቅጠል ብቅ አደረገ። ቡናማ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ተንበርክከው አዩዋትና ወደ በሩ ተጣሩ።

«አባት! ይምጡ፣ ችግኝዎን ይዩ!»

እኔ ባልዲውን እንደያዝኩ ዞር ብዬ ቦታ ለቀቅኩላቸው።