በእህቴ ልጅ ተቀየርኩ

መዘዙ የመጣው «ካርስ 3»ን ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብዬ በማየቴ ነው። በ2017 የወጣ፣ መኪኖች የሚያወሩበት የልጆች ፊልም ይባላል እንጂ ለእኔ ዕድሜ የተሠራ ነው። ባለ 95 ቁጥሩ ላይትኒንግ ማክዊን አርጅቷል። ጃክሰን ስቶርም የሚባል አዲስ ጉልበተኛ በየውድድሩ እያላገጠ ያልፈዋል። ይባስ ብሎ፣ እንድታሠለጥነው የተመደበችው ወጣቷ ክሩዝ ራሚሬዝ እንደ አዛውንት ትንከባከበዋለች።

የሟቹ አሠልጣኝ የዶክ ሃድሰን ድምፅ ሲሰማ ግን አልቻልኩም። ተዋናዩ ፖል ኒውማን ያረፈው በ2008 ነው፤ ድምፁን ከቀድሞ ቅጂዎች ፈልገው ነው ያስገቡት። ይህንን ለልጁ ሳስረዳ ጉሮሮዬ ተናነቀኝ።

«እማዬ! አጎቴ ለመኪና እያለቀሰ ነው!»

እሱን የማረከው የፍሎሪዳው ውድድር ነው። ማክዊን መሀል ላይ ወጥቶ ቁጥሩን ለክሩዝ ይሰጣታል፣ ራሱ አሠልጣኝ ይሆናል፣ እሷም ታሸንፋለች። ውድድሩን የጀመረው እሱ ስለሆነ ድሉ ለሁለቱም ይመዘገባል።

ቅዳሜ የኮንዶሚኒየማችን ጎልማሶች ኳስ ስንጫወት 3 ለ 0 እየተመራን ነበር። ልጁ የእናቱን የጆሮ ማዳመጫ ይዞ ከዳር ጮኸ፦ «አጎቴ፣ ውጣና ማሊያህን ስጠኝ!» ሳቅሁ። በረኛችን ግን አልሳቀም። «ልጁ እውነቱን ነው» አለ፤ ዳኛውም ፊሽካውን ነፋ! ማሊያዬ ጉልበቱ ድረስ ወርዶለት ገባ፤ ማዳመጫው እኔ ጆሮ ላይ ቀረ። ከምንም ጋር አልተያያዘም። «በግራ!» ስለው በቀኝ እየሄደ ሁለት አገባ። የጎረቤት ልጆች ሲያጨበጭቡ እኔም ድርሻዬን ጠየቅሁ፤ ጨዋታውን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ? «ልክ ነው፣ የገቡብን ሦስቱ የአንተ ናቸው» አለኝ።

ፊልሙ መጨረሻ ላይ ማክዊን የዶክን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ብቅ እንደሚል እኔ ረስቼዋለሁ፤ ልጁ አልረሳም። ማግስቱን ስወርድ የነጯ መኪናዬ ወገብ በታች፣ ለበር ተገዝቶ በተረፈ ቀለም፣ ሰማያዊ ሆኗል። አጠገቧ ቆሜ በቤንዚን እፈትግ ይሆን እያልኩ ሳሰላስል አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው የኋላውን በር ከፈቱ።

«ሜክሲኮ በስንት ታደርሰኛለህ፣ የእኔ ልጅ?»